የአየር ማቀዝቀዣ ጋዝ ያልቃልን?

አንድ የቤት አየር ማቀዝቀዣ አያሌ ዓመታት ካገለገለ በኋላ የሚሰጠው ቅዝቃዜ እየለዘበ ይሄዳል። ባለቤቱ ባለሙያ ይጠራል፤ ባለሙያውም የግፊት መለኪያውን ሰክቶ ያይና «ጋዙ አልቋል፤ ይሞላ» ይላል። ጋዝ ይሞላል፤ ገንዘብ ይከፈላል፤ ክፍሉም ይቀዘቅዛል። በሚመጣው ዓመት ሙቀቱ በሚበረታበት ወር ያው ነገር ይደገማል። በድሬዳዋም ሆነ በጋምቤላ፥ በሰመራም ሆነ በጅቡቲ፥ ሙቀት በሚያስቸግርበት አገር ሁሉ ይህ የተለመደ ስለ ሆነ፥ ጋዝ ማስሞላትን እንደ ዓመታዊ ግብር የሚቈጥሩት ሰዎች ብዙዎች ናቸው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ «ጋዙ አለቀ» የሚለው አነጋገር እውነተኛውን ነገር የሚሸፍን መሆኑን ማስረዳት ነው። የአየር ማቀዝቀዣ ጋዝ ይወጣል እንጂ አያልቅም። ይህም ልዩነት የቃላት ጨዋታ አይደለም። ጋዙ የሚያልቅ ከሆነ መድኀኒቱ መሙላት ነው፤ የሚወጣ ከሆነ ግን መድኀኒቱ የሚወጣበትን ቀዳዳ ፈልጎ መድፈን ነው። የመጀመሪያውን መንገድ የተከተለ ሰው በየዓመቱ ይከፍላል፤ በመጨረሻም መሣሪያውን ያጣል። ሁለተኛውን መንገድ የተከተለ ግን ወይ መሣሪያውን ያድናል፥ ወይም የማይድን መሆኑን በጊዜው ዐውቆ ገንዘቡን ለሌላ ያውላል።

1. አነጋገሩ ከየት መጣ?

በቋንቋችን ጋዝ የሚለው ቃል በይበልጥ የሚታወቀው በፋኖስና በምድጃ በሚነደው ነጭ ጋዝ፥ እንደዚሁም በብረት ሲሊንደር ተሞልቶ ለወጥ ቤት በሚሸጠው ጋዝ ነው። ሁለቱም ማገዶ ናቸው። ማገዶ ደግሞ የሚሠራው በመንደድ ስለ ሆነ ሥራውን በሠራ መጠን ያልቃል። ነጭ ጋዝ አለቀ ብለን ቆርቆሮውን ይዘን ወደ ሱቅ ስንሄድ ፋኖሱ ቀዳዳ ይኖረው ይሆን ብሎ የሚጠረጥር የለም።

በአየር ማቀዝቀዣው ውስጥ ላለው ነገር ይኸው ስም ሲሰጠው ከስሙ ጋር አሳቡም አብሮ መጣ። ይሁን እንጂ በማቀዝቀዣው ውስጥ የሚነድ ነገር የለም። መሣሪያው የሚበላው ኤሌክትሪክ ነው። ጋዙ ሙቀትን ከቤት ወደ ውጭ የሚያመላልስ ተሸካሚ ነው፤ ተሸካሚ ደግሞ ሸክሙን አድርሶ ይመለሳል እንጂ በመንገድ አይጠፋም።

2. የመሣሪያው አሠራር

አሠራሩ በሁለት ቀላል የተፈጥሮ ሕጎች ላይ የተመሠረተ ነው። አንደኛው፥ ፈሳሽ ነገር ወደ እንፋሎት ሲለወጥ በአካባቢው ካለው ነገር ሙቀት ይወስዳል። በቆላ አገር በሸክላ እንስራ የተቀመጠ ውሃ የሚቀዘቅዘው በእንስራው ገላ ወዝቶ የሚወጣው ውሃ ሲተን ሙቀቱን ከእንስራው ስለሚወስድ ነው። ሁለተኛው፥ ፈሳሽ የሚፈላበት የሙቀት ደረጃ በላዩ ባለው ግፊት ይወሰናል። ውሃ በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ በሆነበት በአዲስ አበባ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ግፊት ሲቀንስ መፍያው ዝቅ ይላል፤ ግፊት ሲጨምር ከፍ ይላል።

በአሮጌዎቹ የቤት ማቀዝቀዣዎች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው አር-22 የሚባለው ጋዝ ነው። ይህ ጋዝ በባሕር ወለል የአየር ግፊት ከዜሮ በታች በ41 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ግፊቱ 5.8 ባር ሲሆን መፍያው 5 ዲግሪ፥ 19.4 ባር ሲሆን ደግሞ 50 ዲግሪ ይሆናል። እነዚህ ቁጥሮች ከፍጹም ባዶነት ተነሥተው የተቈጠሩ ናቸው።

መሣሪያው በዚህ ልዩነት ይጠቀማል። በቤት ውስጥ ባለው ጥቅል ቱቦ ፈሳሹ በዝቅተኛ ግፊት በ5 ዲግሪ ገደማ እየፈላ የክፍሉን ሙቀት ይወስዳል። ኮምፕረሰሩ እንፋሎቱን ስቦ ይጨምቀዋል። በውጭ ባለው ጥቅል ቱቦ የተጨመቀው እንፋሎት ሙቀቱን ለውጭው አየር ሰጥቶ እንደ ገና ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያም በቀጭን ማጥበቢያ ሲያልፍ ግፊቱ ይወርድና ወደ ክፍሉ ይመለሳል። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው የዚህን ነገር ግማሽ ዐውቆታል፤ ከጋኑ የሚወጣው እንፋሎት በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደ ተቀመጠው ዕቃ ሲደርስ እንደ ገና ፈሳሽ ይሆናልና። ልዩነቱ፥ አረቄው ተቀድቶ ሲወሰድ የማቀዝቀዣው ፈሳሽ ግን ወደ ተነሣበት መመለሱ ነው።

3. የቁጥር ማስረጃ

ይህን በስሌት መመርመር ይቻላል። በገበያ 12 ሺህ ቢቲዩ የሚባለው መሣሪያ በሰከንድ 3.5 ኪሎ ጁል ሙቀት ከክፍሉ ያወጣል። አንድ ኪሎ ግራም አር-22 በአንድ ዙር ከክፍሉ የሚወስደው ሙቀት 150 ኪሎ ጁል ገደማ ነው። 3.5 ለ150 ሲካፈል በሰከንድ 23 ግራም፥ በደቂቃም 1.4 ኪሎ ግራም ይሆናል። በእንዲህ ዐይነቱ መሣሪያ ውስጥ የሚገኘው ጋዝ በጠቅላላው ከአንድ ኪሎ ግራም ብዙ አይርቅም። እንግዲህ ጋዙ በሙሉ በየደቂቃው አንድ ጊዜና ከዚያም በላይ ይዞራል ማለት ነው። ጋዙ በሥራ የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ መሣሪያው በተከፈተ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ባዶ በሆነ ነበር። ነገር ግን ሳያቋርጥ ለ8 ሰዓት የሚሠራ ኮምፕረሰር ያንኑ ጋዝ ከ600 ጊዜ በላይ ያዞረዋል፤ በደኅና የታሸገ መሣሪያም ያንኑ ጋዝ ለብዙ ዓመታት ይዞ ይኖራል።

ጋዙ ከጐደለ ስለዚህ የሚወጣበት ቦታ አለ። «ቀዳዳ ቢኖረው ኖሮ ወዲያው በወጣ ነበር» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል፤ ለዚህም መልሱን ከስሌት እናገኛለን። አንድ ኪሎ ግራም ጋዝ የያዘ መሣሪያ በሁለት ዓመት ውስጥ 300 ግራም ጐደለበት እንበል። ይህ በሰዓት 17 ሚሊ ግራም ነው፤ በእንፋሎት መልክ ሲሰፈርም በሰዓት ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም። ይህን ጆሮ አይሰማውም፤ ዐይንም አያየውም፤ አር-22 ሽታው ደካማ ስለ ሆነ አፍንጫም አይለየውም። መሣሪያው ግን ከጋዙ ከዐሥር ሦስት እጅ የሚሆነውን ያህል አጥቶ ማቀዝቀዝ ይሳነዋል።

4. ቀዳዳው የት ይገኛል?

መሣሪያው ሲያረጅ ጋዝ የሚያወጣባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። የመጀመሪያው የመዳብ ቱቦዎቹ ከውስጡና ከውጭው ክፍል ጋር የተያያዙባቸው ዳዶዎች ናቸው። የቱቦው ጫፍ በደንብ ሳይሰፋ ወይም ዳዶው ከልክ በላይ ተጠብቆ ከሆነ መንቀጥቀጡና የሙቀት መለዋወጡ በዓመታት ውስጥ ያላላዋል። ሁለተኛው የግፊት መለኪያ የሚሰካባቸው ቫልቮች ናቸው። በውስጣቸው ያለው ትንሽ መዝጊያ ላስቲኩ ይደርቃል፤ ክዳኑም ከጠፋ በዚያ በኩል ይወጣል። ይህ ክዳን አቧራ መከላከያ ብቻ ሳይሆን ሁለተኛ ማሸጊያ ስለ ሆነ፥ አንድ ባለሙያ መለኪያውን ነቅሎ ክዳኑን ሳይመልስ ቢሄድ ለሚመጣው ዓመት ሥራ አስቀምጦ ሄደ ማለት ነው።

ሦስተኛው፥ ቱቦ ከቱቦ ወይም ቱቦ ከቆርቆሮ ጋር እየተፋተገ የሚበላበት ቦታ ነው። አራተኛው የጥቅል ቱቦዎቹ መታጠፊያና የተበየዱባቸው መጋጠሚያዎች ናቸው። በባሕር ዳርቻ ከተሞች ጨው ያዘለው አየር የውጭውን ክፍል ይበላዋል። በቤት ውስጥ ያለውን ደግሞ ከአንዳንድ ማጣበቂያዎች፥ ከእንጨት ሥራና ከማጽጃ ፈሳሾች የሚተኑ አሲዶች ከእርጥበት ጋር ተባብረው መዳቡን እንደ ጕንዳን ጐሬ ይቦረቡሩታል፤ ይህን የመሰለውን ቀዳዳ በዐይን ማየት ያስቸግራል።

5. ምልክቶቹና አሳሳች መሳዮቻቸው

ቅዝቃዜ በቀነሰ ቁጥር ጋዝ ጐደለ ማለት አይቻልም። በአቧራ የተደፈነ ማጣሪያ፥ የቈሸሸ የውጭ ጥቅል ቱቦ፥ የደከመ ማራገቢያ፥ የተበላሸ ካፓሲተር፥ ያረጀ ኮምፕረሰር፥ እነዚህ ሁሉ ቅዝቃዜን ይቀንሳሉ። ስለዚህ በመጀመሪያ መደረግ ያለበት ማጣሪያውን አውጥቶ ማጠብና የውጭውን ክፍል ከአቧራ ማጽዳት ነው። ይህን ባለቤቱ ራሱ ኤሌክትሪኩን አጥፍቶ ሊሠራው ይችላል።

ጋዝ ሲጐድል ከሚታዩት ምልክቶች ዋነኛው በረዶ ነው። ነገሩ ለብዙዎች እንቈቅልሽ ይመስላል፤ ማቀዝቀዝ ያቃተው መሣሪያ እንዴት በረዶ ይሠራል? ምክንያቱ እንዲህ ነው። ጋዙ ሲጐድል በውስጠኛው ቱቦ ያለው ግፊት ይወርዳል። ግፊቱ ወደ 5 ባር ሲወርድ የአር-22 መፍያ ዜሮ ዲግሪ ይሆናል፤ ከዚያ በታች ሲወርድ ፈሳሹ በሚገባበት በኩል ያለው የቱቦ ክፍል የአየሩን እርጥበት ወደ አመዳይ ይለውጣል። ፈሳሹ ጥቂት ስለ ሆነ ግን በቱቦው መጀመሪያ ላይ ተንኖ ያልቃል፤ የቀረው የቱቦ ክፍል ሙቅ እንደ ሆነ ይቀራል። እንግዲህ አንዱ ጫፍ በረዶ፥ ሌላው ጫፍ ሙቅ ይሆናል፤ ክፍሉም አይቀዘቅዝም።

ነገር ግን በረዶ ከተደፈነ ማጣሪያም ይመጣል፤ በቂ አየር ካላለፈ ፈሳሹ የሚወስደው ሙቀት ያጣልና። በሁለቱም ጊዜ የግፊት መለኪያው ዝቅተኛ ቁጥር ያሳያል። ስለዚህ ግፊትን ብቻ አይቶ መፍረድ ስሕተት ነው። ሁለቱን የሚለየው ወደ ኮምፕረሰሩ የሚመለሰው ወፍራም ቱቦ የሙቀት ደረጃ ነው። ግፊቱ ከሚያመለክተው መፍያ በላይ ቱቦው ስንት ዲግሪ እንደ ሞቀ ይለካል፤ ይህን ትርፍ ሙቀት እንበለው። በደኅና መሣሪያ ላይ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ይሆናል። ጋዝ ሲጐድል ፈሳሹ ቀድሞ ስለሚያልቅ ትርፍ ሙቀቱ በብዙ ይጨምራል። ማጣሪያ ሲደፈን ግን ፈሳሹ ሳይተን ስለሚቀር ትርፍ ሙቀቱ ይቀንሳል። ቴርሞሜትር ያልያዘ ባለሙያ ይህን ሊለይ አይችልም።

መሣሪያው ቆሞ ሳለ የሚለካ ግፊትም የጋዙን መጠን አይነግርም። በታሸገ ዕቃ ውስጥ ፈሳሽና እንፋሎት አብረው እስካሉ ድረስ ግፊቱን የሚወስነው የሙቀት ደረጃ ነው እንጂ መጠን አይደለም። የወጥ ቤት ጋዝ ሲሊንደር ሊያልቅ ሲቃረብም እሳቱ የማይደክመው በዚህ ምክንያት ነው፤ ምን ያህል እንደ ቀረ የምናውቀው አንሥተን በመመዘን ነው።

በደጋ ለምንኖረው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። የግፊት መለኪያ የሚያሳየው በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ግፊት ምን ያህል እንደሚበልጥ ነው። በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል በሩብ ባር ገደማ ያንሳል፤ በ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው በድሬዳዋ ልዩነቱ የዚያ ግማሽ ነው። ስለዚህ ለባሕር ወለል የተዘጋጀውን ሠንጠረዥ እንዳለ የሚጠቀም ሰው ግፊቱ ከእውነተኛው የበለጠ ይመስለዋል። ስሕተቱ ትንሽ ቢሆንም አመዳይ በሚጀምርበት ወሰን ላይ ለመፍረድ ሲፈለግ ይቈጠራል።

6. ቀዳዳውን ስለ መፈለግ

ፍለጋው የሚጀመረው በዐይን ነው። የኮምፕረሰሩ ዘይት ከጋዙ ጋር አብሮ ስለሚዞር ጋዝ በወጣበት ቦታ ዘይት ይቀራል፤ በዘይቱም ላይ አቧራ ይጣበቃል። በመዳብ ቱቦ መጋጠሚያ ላይ የታየ ጥቁር ቅባታም እድፍ ጥሩ መሪ ነው።

ቀጥሎ የሳሙና ውሃ ነው። ወፈር ያለ የሳሙና አረፋ በየመጋጠሚያው በብሩሽ ይቀባል። ከላይ እንዳሰላነው የሚወጣው በሰዓት አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ ሊሆን ስለሚችል፥ ቀብቶ ወዲያው ማለፍ ሳይሆን ለየቦታው ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። ኤሌክትሮኒካዊ የጋዝ ጠቋሚ መሣሪያ ያለው ባለሙያ ሥራው ይቀለዋል፤ ጋዙ ከአየር የከበደ ስለ ሆነ ጠቋሚውን ከመጋጠሚያው በታች በኩል ማስኬድ ይገባል።

ቀዳዳው በዚህ ካልተገኘ የቀረው ጋዝ ወደ ሲሊንደር ተሰብስቦ መሣሪያው በደረቅ ናይትሮጅን ይሞላና ግፊቱ ለሰዓታት ይጠበቃል። በዚህ ጊዜ የሙቀት ለውጥን ማሰብ ግድ ነው። በ20 ዲግሪ በ20 ባር ፍጹም ግፊት የተሞላ ናይትሮጅን በ35 ዲግሪ 21 ባር ይሆናል፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ይህን ያላሰበ ሰው ያልፈሰሰውን ፈሰሰ፥ የፈሰሰውንም አልፈሰሰም ሊል ይችላል።

በናይትሮጅን ፈንታ ኦክሲጅን መጠቀም ፈጽሞ ክልክል ነው። በከፍተኛ ግፊት ያለ ኦክሲጅን ከኮምፕረሰሩ ዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል። በብየዳ ቤት ሁሉ ኦክሲጅን በቅርብ ስለሚገኝ ይህን ማስጠንቀቂያ ደጋግሞ መናገር አይበዛም።

7. ስለ መጠገንና ስለ መሙላት

ቀዳዳው ዳዶ ላይ ከሆነ የቱቦው ጫፍ ተቈርጦ እንደ ገና ይሰፋል፤ ዳዶውም በልኩ ይጠበቃል። ቫልቭ ከሆነ ትንሹ መዝጊያ ይለወጣል። ቱቦው ከሆነ ይበየዳል፤ ጋዝ ባለበት ቱቦ ላይ ግን እሳት አይቀርብም፤ አር-22 በነበልባል ሲቃጠል መርዛም አሲዶችን ይሰጣልና። በመስኮት በተዘጋ ጠባብ ክፍል ውስጥም ጋዙን መልቀቅ አይገባም፤ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉን ሞልቶ ትንፋሽ ያሳጣል።

ከጥገናው በኋላ ቱቦዎቹ በቫኪዩም ፓምፕ ባዶ መደረግ አለባቸው። ብዙ ሰዎች ይህን አየር ለማስወጣት ብቻ የሚደረግ አድርገው ስለሚያዩት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ይሠሩታል። ዋናው ጠላት ግን እርጥበት ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት ውሃ የሚፈላው ግፊቱ ወደ 32 ሚሊ ባር ሲወርድ ነው፤ ስለዚህ ውሃው ተንኖ እንዲወጣ ግፊቱ ከዚያ እጅግ ዝቅ ብሎ መቈየት አለበት። እርጥበት ከቀረ ከጋዙና ከዘይቱ ጋር ተዋሕዶ አሲድ ይፈጥራል፤ አሲዱም የሞተሩን ሽቦ ልባስ ይበላል። ፓምፑ ከቆመ በኋላ ባዶነቱ ሳይለወጥ መቈየቱ ደግሞ ቀዳዳው ለመደፈኑ ሁለተኛ ምስክር ነው።

በመጨረሻም ጋዙ በሚዛን ይሞላል። በውጭው ክፍል ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ የጋዙ ስምና መጠኑ በግራም ተጽፎአል። ቱቦው ከተለመደው በላይ ረዥም ከሆነ አምራቹ ለየሜትሩ የሚጨመረውን ግራም ይወስናል። በግምት መሙላት በሁለት በኩል ይጐዳል፤ ካነሰ ችግሩ እንዳለ ይቀራል፤ ከበዛ ፈሳሹ ሳይተን ወደ ኮምፕረሰሩ ገብቶ ይሰብረዋል፤ ፈሳሽ እንደ እንፋሎት አይጨመቅምና።

እዚህ ላይ በየዓመቱ መሙላት ለምን መሣሪያውን እንደሚገድል መናገር ይገባል። ኮምፕረሰሩ ከሞተሩ ጋር በአንድ የብረት ዕቃ ውስጥ ታሽጎ ይገኛል። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ከክፍሉ የሚመለሰው ቀዝቃዛ እንፋሎት ነው፤ ዘይቱንም የሚመልሰው እርሱ ነው። ጋዙ ሲጐድል እንፋሎቱ ጥቂትና ሙቅ ይሆናል፤ ሞተሩ ይግላል፤ ዘይቱ በሩቅ ቱቦ ይቀራል። ክፍሉም ስለማይቀዘቅዝ መሣሪያው ሳያርፍ ይሠራል፤ የኤሌክትሪክ ሒሳቡም ይጨምራል። እንግዲህ ጋዝ ከጐደለበት ቀን አንሥቶ እስከሚሞላበት ቀን ድረስ ያሉት ወራት ለኮምፕረሰሩ የመከራ ወራት ናቸው። ከብዙ ዓመት እንዲህ ያለ ኑሮ በኋላ ሲቃጠል «አርጅቶ ነው» ይባላል። የገደለው ግን በጥቂት ዋጋ ሊደፈን ይችል የነበረ ቀዳዳ ነው።

8. የአር-22 ጉዳይ

አሮጌ መሣሪያን መጠገን የዋጋ ጥያቄ ብቻ እንዳይሆን ያደረገ ሌላ ነገር አለ። በዚህ ክፍል የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። በ1974 ማሪዮ ሞሊናና ሸርዉድ ሮውላንድ ክሎሪን ያለባቸው እነዚህን የመሰሉ ጋዞች ወደ ላይኛው አየር ሲደርሱ ምድርን ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከላከለውን የኦዞን ሽፋን እንደሚያጠፉ አስረዱ። በ1987 የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ተፈረመ። አር-22 ከቀደሙት ጋዞች ጋር ሲነጻጸር በኦዞን ላይ የሚያደርሰው ጕዳት አነስተኛ፥ ይኸውም 5.5 ከመቶ ገደማ ስለ ሆነ ለጊዜው ቈይቶ ነበር። በ2007 ግን አገሮች እርሱንም በቶሎ ለማስቀረት ተስማሙ። ባደጉት አገሮች ፍጆታው እስከ 2020 ድረስ ለአሮጌ ዕቃ ጥገና ከሚሆን እጅግ ጥቂት በስተቀር እንዲቆም ተወሰነ። ኢትዮጵያን ጨምሮ በማደግ ላይ ላሉት አገሮች ደግሞ ከመነሻው መጠን በ2020 በ35 ከመቶ፥ በ2025 በ67.5 ከመቶ እንዲቀንስ፥ በ2030 ለጥገና ከሚቀር ጥቂት በስተቀር እንዲያበቃ መርሐ ግብር ወጣ።

በሙቀት በኩልም አንድ ኪሎ ግራም አር-22 በመቶ ዓመት ውስጥ ምድርን የሚያሞቀው 1,810 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያሞቀውን ያህል ነው። ቀደም ብለን በምሳሌ ያነሣነው 300 ግራም ከ543 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር እኩል ይሆናል፤ ይህም ከ230 ሊትር በላይ ቤንዚን ሲነድ የሚወጣው ነው። ቀዳዳው ሳይደፈን በየጊዜው የሚሞላ አንድ ማቀዝቀዣ ይህን ሁሉ ወደ አየር ይለቃል።

አር-22 እየጠፋና እየተወደደ ሲሄድ ሌላ ጋዝ በአሮጌው መሣሪያ ውስጥ የመጨመር ፈተና ይመጣል። ይህ አደገኛ ነው። በአዳዲሶቹ ማቀዝቀዣዎች ውስጥ የሚገኘው አር-410ኤ ግፊቱ ከአር-22 በ60 ከመቶ ገደማ ስለሚበልጥ አሮጌው ቱቦና ኮምፕረሰር አይችሉትም፤ ዘይቱም ይለያል። አር-290 የተባለው ፕሮፔን በማቀዝቀዝ ችሎታው መልካም ነው፤ ተቀጣጣይ ስለ ሆነ ግን ለእርሱ ተብሎ ባልተሠራ መሣሪያ ውስጥ ከቤተ ሰብ መኝታ አጠገብ ማስገባት እሳትን እንደ መጋበዝ ነው። ጋዝን ከጋዝ መቀላቀልም አይገባም፤ ከተቀላቀለ በኋላ በግፊት ሠንጠረዥ መመራት አይቻልም፤ መልሶም መጠቀም ያስቸግራል።

9. መጠገን ወይስ መለወጥ?

ውሳኔው በመሣሪያው ዕድሜ ብቻ አይደረግም፤ ቀዳዳው በተገኘበት ቦታ ነው እንጂ። ቀዳዳው ዳዶ፥ ቫልቭ ወይም የሚታይ ቱቦ ላይ ከሆነ፥ ኮምፕረሰሩም ደኅና ከሆነ፥ አሮጌም ቢሆን መጠገኑ ተገቢ ነው። የውስጡ ጥቅል ቱቦ በየቦታው ተቦርቡሮ ከሆነ ግን አንዱን ቀዳዳ ሲደፍኑት ሌላው ይከፈታል፤ አዲስ ጥቅል ቱቦም ለአሮጌ መሣሪያ ማግኘት ያስቸግራል። በዚህ ጊዜ ለአር-22፥ ለቱቦና ለድካም የሚወጣው ገንዘብ ለአዲስ መሣሪያ ቢጠራቀም ይሻላል። ኮምፕረሰሩም ተቃጥሎ ከሆነ ጥያቄው በራሱ ተፈታ።

ባለቤቱ መሐንዲስ መሆን አያስፈልገውም፤ ባለሙያውን አራት ነገሮች ቢጠይቅ ይበቃዋል። ጋዙ የወጣው በየት በኩል ነው? ቀዳዳው መደፈኑን በምን አረጋገጥህ? ቱቦው ባዶ የተደረገው ለምን ያህል ጊዜ ነው? ስንት ግራም ገባ? ለእነዚህ መልስ ያለው ባለሙያ ሥራውን ያውቃል። እርግጥ ነው፥ እንዲህ ያለው ሥራ ዝም ብሎ ከመሙላት የበለጠ ሰዓትና ዋጋ ይጠይቃል። «ቶሎ ሙላልኝና ሂድ» የሚል ደንበኛ ባለበትም ባለሙያውን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

በዚህ ላይ አንድ ቀላል ነገር እናሳስባለን። በእያንዳንዱ መሣሪያ የውጭ ክፍል ላይ፥ ከክዳኑ በውስጥ በኩል፥ አንድ ወረቀት ይለጠፍ። ጋዝ በተነካ ቁጥር ቀኑ፥ የጋዙ ስም፥ የተጨመረው ግራምና የተገኘው ቀዳዳ ይጻፍበት። ከሁለት መስመር በኋላ መሣሪያው በወር ስንት ግራም እንደሚያፈስ ማንም ሰው በማካፈል ሊያውቀው ይችላል፤ የሚያፈሰው እየጨመረ መሄዱም ያን ጊዜ ይታያል። ለዚህ የሚያስፈልገው እርሳስና ሚዛን ብቻ ነው። መሣሪያው ከቤት ወደ ቤት ሲዛወርም ጋዙ ወደ አየር እንዳይለቀቅ፥ በራሱ ኮምፕረሰር ወደ ውጭው ክፍል ተሰብስቦ ቫልቮቹ ተዘግተው ይነቀል፤ ይህንም ማድረግ ለሚያውቅ ሰው የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

ከላይ ከተዘረዘረው እንደምንረዳው በታሸገ መሣሪያ ውስጥ ያለ ጋዝ በሥራ አያልቅም። ጐደለ ማለት ወጣ ማለት ነው፤ ወጣ ማለትም በር አለ ማለት ነው። በሙቀት አገር ለሚኖር ቤተ ሰብ፥ በተለይም አራስ ወይም ሽማግሌ ላለበት ቤት፥ ማቀዝቀዣው የቅንጦት ዕቃ አይደለም፤ ለእርሱ የሚወጣው ገንዘብም በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። ያ ገንዘብ በየዓመቱ በማይታይ ቀዳዳ በኩል ወደ ሰማይ እንዳይወጣ፥ ከሁሉ አስቀድሞ «ጋዙ አለቀ» የሚለውን አነጋገር ትተን «ጋዙ በየት ወጣ?» ብለን መጠየቅን እንልመድ።